ልብን የሚያጣድፈው ነርቭና የልብ ምት መድኃኒቶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ የልብ ምትን ለማስተካከል የሚታዘዙ መድኃኒቶች ልብን ከሚያጣድፈው ከሲምፓቴቲክ ነርቭ ጋር ያላቸው ግንኙነት። ሁሉም በአንድ ቦታ አይሠሩም። አንዳንዱ የነርቩ ጫፍ ውስጥ ይገባል፣ አብዛኛው የልብ ሴል ላይ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒውን ነርቭ ያበረታል። ቦታውን ያወቀ ሰው መድኃኒቱ መቼ እንደሚከዳና ለምን በድንገት እንደማይቋረጥ ይገባዋል። መጠን መጨመርም ሆነ መቀነስ ግን ከሐኪምዎ ጋር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ልቤ ድንገት እየተነሳ ስለሚመታብኝ ሜቶፕሮሎል 50 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ታዞልኛል። ሐኪሜ «ነርቩን ያረጋጋልዎታል» ብለውኛል። ነርቤን ያደነዝዘዋል ማለት ነው? ቁጭ ስል ምቴ 66 ነው፤ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን በዚህ ማወቅ እችላለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ነርቩን አያደነዝዘውም። ሲምፓቴቲክ ነርቮች በላይኛው የደረት ክፍል ካለው ህብለ ሰረሰር ተነስተው፣ በአንገት ሥርና በደረት ውስጥ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች አልፈው ልብ ይደርሳሉ። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲናደድ ወይም ዳገት ሲወጣ ጫፋቸው ኖርአድሬናሊን ይለቃል። ኖርአድሬናሊኑ የልብ ሴል ላይ ካለው ቤታ-1 ተቀባይ ጋር ሲገናኝ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ይበዛል። በዚህ የተነሳ ምት የሚያመነጨው ቦታ ይፈጥናል፣ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቀላጠፋል፣ ወደ ሴሉ የሚገባው ካልሲየም ስለሚጨምር ጡንቻው በኃይል ይኮማተራል። ካልሲየሙ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ያልተጠራ ተጨማሪ ምት ይነሳል። እርስዎን ድንገት የሚያስደነግጥዎት ምት አንዱ መነሻ ይህ ነው።

ሜቶፕሮሎል የሚሠራው ተቀባዩ ላይ ነው። ቀድሞ ወንበር እንደያዘ ሰው ቦታውን ይዞ ኖርአድሬናሊኑን ያስቆመዋል። ነርቩ ግን መልእክቱን መላኩን አያቆምም። ስለዚህ ኖርአድሬናሊኑ በጣም ሲበዛ፣ ለምሳሌ ሲሮጡ ወይም በጣም ሲደነግጡ፣ ከተቀባዮቹ የተወሰኑትን መልሶ ይነጥቃል። ቤታ ብሎከር፣ ማለትም እንደ ሜቶፕሮሎል ቤታ ተቀባይን የሚዘጋ መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ምቱ በሩጫ ጊዜ መጠነኛ ጭማሪ ማሳየቱ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ የከፈላቸው ሬይመንድ አልኲስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948። ጄምስ ብላክ ይህን ክፍፍል ይዞ ፕሮፕራኖሎልን አስገኘ፤ በ1988 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው።

አሁን ወደ 66ቱ እንምጣ። ልብ ከሁለቱም ነርቮች፣ ማለትም ከሚያጣድፈው ሲምፓቴቲክና ከሚያዘገየው ቬገስ፣ ቢላቀቅ የራሱ ፍጥነት አለው። ለጤናማ ልብ ስሌቱ 118.1 ሲቀነስ 0.57 በዕድሜ ተባዝቶ ነው፤ በ52 ዓመት 88 አካባቢ ይሆናል። አብዛኛው ጤናማ ሰው ቁጭ ሲል ምቱ ከዚህ በታች የሚሆነው ቬገስ ስለሚያዘገየው ነው፤ ሲምፓቴቲኩ በዚያን ሰዓት ሥራው ትንሽ ነው። በዕረፍት ጊዜ የተቆጠረ ምት ብቻውን ስለ ቤታ ብሎከሩ ብዙ የማይናገረው ለዚህ ነው። የመድኃኒቱ ሥራ የሚታየው በእንቅስቃሴ ነው።

እንዲህ አድርገው ይለኩ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው በሌባና በመካከለኛው ጣት አውራ ጣት ሥር ያለውን የእጅ አንጓ ተጭነው ሙሉ 60 ሴኮንድ ይቁጠሩ። በአውራ ጣት አይቁጠሩ፤ የራሱን ምት ያሳስትዎታል። ከዚያ በተለመደ እርምጃዎ ሁለት ፎቅ ደረጃ ወጥተው ወዲያው 30 ሴኮንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙ። ደረጃ መውጣት ሐኪም ከከለከለዎት ይህን ይተዉት። ለአንድ ሳምንት በተመሳሳይ ሰዓት እየለኩ፣ መድኃኒቱን የወሰዱበትን ሰዓት ከጎኑ ይጻፉ። ተራው ሜቶፕሮሎል ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ፣ ምቱ የሚነሳብዎት ሁልጊዜ ቀጣዩን ኪኒን ሊውጡ ሲሉ ከሆነ ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ክፍተቱ ሊሆን ይችላል። ያንን ወረቀት ይዘው ሲሄዱ ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወደሚለቀቀው ዓይነት ሊቀይርልዎት ይችላል። ተራውን ከምግብ ጋር ይውሰዱት፤ ዛሬ በምግብ ነገ በባዶ ሆድ እያሉ አያፈራርቁ፣ ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይለውጠዋልና። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ደግሞ አይፍጩት፣ አያኝኩት። ምትዎ ከ50 ወርዶ ራስ ካዞረዎት ወይም ካንገዳገደዎት ቀጣዩን ከመዋጥዎ በፊት ሐኪም ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። አቴኖሎል 50 ሚሊግራም ለዓመታት ስትወስድ ቆይታ ጸበል ስትገባ ተወችው። በአራተኛው ቀን ልቧ በኃይል መምታት ጀመረ፣ ደረቷንም ይጫናት ነበር። መድኃኒቱ ሱስ አስይዟት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሱስ አይደለም። ተቀባዮቹ ለረጅም ጊዜ ሲዘጉ ልብ የራሱን ማካካሻ ያበጃል፤ የቤታ ተቀባዮቹን ቁጥር ይጨምራል፣ የቀሩትም ንቁ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም የእናትዎ ልብ ከበፊቱ የበዙ ባዶ ተቀባዮች ይኖሩታል፤ ያው የዕለት ተዕለት ኖርአድሬናሊን ይደርሳቸውና እጥፍ ያንቀሳቅሳቸዋል። አቴኖሎል በአንድ ሁለት ቀን ከሰውነት ይወጣል፣ የተቀባዮቹ ብዛት ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው። በዚህ ክፍተት ምት ይጣደፋል፣ ግፊት ይወጣል፣ የልብ ደም ሥር የጠበበበት ሰው ደግሞ የልብ ድካም እንኳ ባይኖርበት ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊመታው ይችላል።

የደረት መጫኑ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። አሁንም ካለ ወይም ከተመለሰ ዛሬውኑ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ወደሚነሳበት ጤና ተቋም ይውሰዷት፤ የቆመው መድኃኒት ስምና የቆመበት ቀን መጀመሪያ የሚነገር ነገር ነው። «ያለፈውን ላካክስ» ብሎ ሁለት ሦስት ፍሬ በአንድ ጊዜ መስጠት ግን ምቱን ከልክ በላይ ያወርደዋል። ቤታ ብሎከር ማቆም ካስፈለገ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ መጠኑ እየተቀነሰ፣ በእነዚያ ቀናትም ከባድ ሥራ ሳይሠራ ነው። አንድ ቀን የተረሳ ኪኒን ሲታወስ ይወሰዳል፤ የቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳው ይታለፋል።

ጸበሉንና መድኃኒቱን ማጣላት አያስፈልግም። ኪኒኑ በጸበሉ ውኃ ሊዋጥ ይችላል፤ አቴኖሎል በቀን አንዴ ስለሚወሰድ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዞረው ይችላል። ትኩረት የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስና ተቅማጥ። በዚህ ፖታሲየም ይወርዳል። ለአቴኖሎል ብዙም አይደለም፤ ዲጎክሲን፣ ሶታሎል ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ ግን የፖታሲየም ማነስ ራሱ አደገኛ የምት መዛባት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ልቤ ስለሚመታ ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ እወስዳለሁ። ከሰዓት ጫት ስቅም ልቤ ያን ያህል አይመታም፣ ግፊቴ ግን ከፍ ይላል። ቅም በምልበት ቀን አንድ ፍሬ ብጨምርስ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይጨምሩ። ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ጫትና ፕሮፕራኖሎል የሚሠሩት በአንድ መስመር ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ነው። ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር የነርቩ ጫፍ ውስጥ የተከማቸውን ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። የተለቀቀው ልብ ላይ ሲደርስ ቤታ-1 ተዘግቷል፤ ምትዎ ያልተጣደፈው ለዚህ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን አልፋ ተቀባይ ግን ፕሮፕራኖሎል አይነካውም፣ ስለዚህ ደም ሥሩ ይጠባል። በዚያ ላይ ፕሮፕራኖሎል ደም ሥር የሚያሰፋውን ቤታ-2 ጭምር ይዘጋል። ደም ሥር የሚያጠበው አልፋ ያለ ተቃዋሚ ይቀራል፣ ግፊት ይወጣል። ፍሬ ሲጨምሩ የሚዘጋው ቤታ ነው፤ ግፊቱን ያወጣው አልፋ እንዳለ ይቀራል።

ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅና ሲቆይ ስለሚፈርስ ትኩሱ ጫት የበለጠ ይገፋል። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖች፣ በተለይ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት፤ ፋርማሲ ሲገዙ ቤታ ብሎከር እንደሚወስዱ ይናገሩ። የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ የልብ ምት ሕመም ያለበት ሰው ጫት ይተው። ወዲያው መተው ካልቻሉ ደግሞ የሚቅሙበትን ቀንና የግፊትዎን ልክ ሳይደብቁ ለሐኪም ያሳዩ፤ ሳይነገር የቀረ ጫት ሐኪሙን መጠን ወደ መጨመር ይመራዋል።

ኢትዮጵያውያን ሁሉ ማወቅ ያለባቸው ሌላም ነገር አለ። ሜቶፕሮሎልን፣ ካርቬዲሎልን፣ ፕሮፓፌኖንን፣ በከፊልም ፕሮፕራኖሎልን ጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩ ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘር ቅጂ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው የተለመደው የሜቶፕሮሎል መጠን ሳይሠራበት ሊያልፍ ይችላል። በውጭ አገር ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ለሐኪማቸው ቢያነሱት መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ምቱ አልበገር ያለው ሰው በኩላሊት በኩል ወደሚወጣው አቴኖሎል ወይም ግማሹ በኩላሊት ወደሚወጣው ቢሶፕሮሎል ሊቀየር ይችላል፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ከሆነ።

ጥያቄ፦ ሪትሜ ስለሚዛባ አሚዮዳሮን 200 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከሱ ጋር ቢሶፕሮሎል 2.5 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ሁለቱም ምት የሚቀንሱ ከሆኑ መደራረብ አይደለም? ታይሮይድስ ለምን በየጊዜው ይመረመራል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የሚነኩት ቦታ ይለያያል። አሚዮዳሮን ዋና ሥራው በልብ ሴል የፖታሲየም፣ የሶዲየምና የካልሲየም መተላለፊያዎች ላይ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የቤታ ተቀባዩን ምላሽ ያደክማል፤ ይህን የሚያደርገው ግን እንደ ቢሶፕሮሎል ቦታ በመሻማት ስላልሆነ ኖርአድሬናሊን ቢበዛም አያሸንፈውም። በሁለቱ መንገድ መሸፈን በተለይ ከታችኛው የልብ ክፍል በሚነሳ የምት መዛባት ላይ ሆን ተብሎ ይደረጋል። ዋጋው ምቱ ከልክ በላይ ሊዘገይ መቻሉ ነው።

ታይሮይዱ በአዮዲን የተነሳ ነው። ባለ 200 ሚሊግራሙ አንድ ፍሬ 75 ሚሊግራም አዮዲን አለው፤ ከዚህ 6 ሚሊግራም ያህሉ በየቀኑ ይለቀቃል። የአንድ አዋቂ የቀን ፍላጎት 0.15 ሚሊግራም ነው። አዮዲን ባነሰበት አገር ያደገ፣ እንቅርት ያለበት ወይም የነበረበት ሰው እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲደርሰው ዕጢው ከልክ በላይ ሆርሞን ማምረት ሊጀምር ይችላል። ያ ሆርሞን ደግሞ የልብን ቤታ ተቀባይ ስለሚያበዛ መድኃኒቱ ሊያስታግሰው የመጣውን ነገር መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ሳሉ አንገትዎ ላይ እብጠት ከነበረ፣ ወይም በቤተሰብ ካለ፣ ይንገሩ። ተረጋግቶ የቆየ ምት እንደገና መዛባት ከጀመረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የስድስት ወሩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ የቲኤስኤች (የታይሮይድ) ምርመራ ይጠይቁ። በየስድስት ወሩ የጉበት ምርመራም አብሮ ይታያል፤ አዲስ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ደግሞ ሳንባ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይነገራል።

ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘውን ዋርፋሪን ከወሰዱ አሚዮዳሮን ኃይሉን ስለሚጨምረው የዋርፋሪኑ መጠን ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀነሳል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲንም ከቀን 20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። አሚዮዳሮን ከቆመ በኋላ እንኳ ለሳምንታትና ለወራት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ለማንኛውም አዲስ ሐኪም ስሙን ይጥቀሱ።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ለልቤ ሜቶፕሮሎል ከጀመርኩ ወዲህ ስኳሬ ሲወርድ እንደ ድሮው አላውቅም። ረመዳን ሲመጣ እሰጋለሁ። (ከሪያድ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ስኳር ሲወርድ የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመጡት በቤታ ተቀባይ በኩል ስለሆነ መድኃኒቱ ይሸፍናቸዋል። ላብ ግን አይሸፈንም። የላብ ዕጢዎች የሚታዘዙት በሲምፓቴቲክ ነርቭ ቢሆንም ጫፉ የሚለቀው ኖርአድሬናሊን ሳይሆን አሲታይልኮሊን ነውና። ድንገት ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት ልብዎ ባይመታም ወዲያው ይለኩ፤ ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጾሙን ፈትተው ስኳር ይውሰዱ። መለኪያ ጾምን አያፈርስም፣ በቀን ውስጥ ደጋግመው ይለኩ። በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ሜቶፕሮሎል በኢፍጣርና በሱሁር ሊከፈል ይችላል፤ የኢንሱሊኑ መጠን ግን ከረመዳን በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። በልጅነቴ በያዘኝ የሩማቲክ ልብ ሕመም ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቬ ጠቧል፣ ምቴም ወጣ ገባ ይላል። ዲጎክሲን 0.25 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ቁጭ ስል 78 ነው፤ ዳገት ስወጣ 150 ያልፋል፣ ትንፋሼም ያጥራል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ዲጎክሲን ምት የሚያዘገየው በዋናነት ቬገስን በማበርታት ነው። ሲንቀሳቀሱ ቬገስ ራሱ ያፈገፍጋል፣ ሲምፓቴቲኩ ይረከባል፤ መድኃኒቱም መሣሪያውን አጣ ማለት ነው። ዳገቱ ላይ የሚያጣድፍዎትን መልእክት የሚዘጋው ቤታ ብሎከር ነው፣ እርስዎ ዘንድ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ደም በጠበበው ሚትራል ቫልቭ የሚያልፈው ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት ስለሆነ፣ ምት ሲፈጥን ያ ቅጽበት ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የልብ ሐኪምዎን በእንቅስቃሴ ጊዜ የለኩትን ቁጥር አሳይተው ቤታ ብሎከር ስለመጨመር ይጠይቁ። የዲጎክሲኑን ፍሬ ለብቻዎ መጨመር ግን የሚያስከትለው መመረዝ ነው፤ መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ዲጎክሲን ራሱ የሲምፓቴቲክ ነርቭን ቅስቀሳ ያበዛል። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገሮች ቢጫ መስለው መታየት ምልክቶቹ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲለካ ናሙናው ኪኒኑ ከተዋጠ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቆይቶ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ በሐሰት ከፍ ብሎ ይታያል።

ቫልቭ ጠቦ ምት ሲዛባ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን አብሮ ይታዘዛል፤ ካልታዘዘልዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ልጅ ለመውለድ ካሰቡም ከመጸነስዎ በፊት ይናገሩ፤ ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ተቀባዩ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ነርቩ ላይ የሚሠራ የልብ ምት ሕክምና አለ? (ከጅማ)

መልስ፦ አለ። ብሬቲሊየም ኖርአድሬናሊንን መልሶ በሚያስገባው በር ገብቶ የነርቩ ጫፍ ውስጥ ይከማቻል። መጀመሪያ የተከማቸውን ስለሚያስለቅቅ ግፊትና ምት ይወጣሉ፤ ቀጥሎ መለቀቁን ስለሚያግድ ግፊት፣ በተለይ ሲቆሙ፣ ይወርዳል። ይህን ተራ ያላወቀ ሰው የመጀመሪያውን መውጣት አይቶ መድኃኒቱ ተቃራኒ ሠራ ይላል። ሁለተኛው መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ አደገኛ የምት መዛባት ለሚመላለስበት፣ መድኃኒት እምቢ ላለው ሕመምተኛ ነው፦ አንገት ሥር ከሰባተኛው የአንገት አጥንት አጠገብ ወዳለው የግራ ስቴሌት ቋጠሮ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ማደንዘዣ መውጋት። በዚያው በኩል የዓይን ሽፋን ወረድ ብሎ የዓይን ብሌን ከጠበበ መርፌው የአንገቱን ሲምፓቴቲክ መስመር እንዳገኘ ያሳያል፤ ለልብ የሚሄደው ሁሉ ተዘግቷል ለማለት ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ አባቴ አስም አለባቸው። ለዓይን ግፊት ቲሞሎል ጠብታ ከጀመሩ ወዲህ ትንፋሻቸው ያፍናል፣ ምታቸውም 48 ሆኗል። ጠብታ እንዲህ ያደርጋል? (ከደሴ)

መልስ፦ ያደርጋል። ቲሞሎል ቤታ-1ንም ቤታ-2ንም የሚዘጋ ቤታ ብሎከር ነው። ጠብታው በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ወርዶ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል፤ በጉበት ሳያልፍ በቀጥታ ስለሚገባ ጥቂቱም ይበቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ከጠብታው በኋላ ዓይንን ጨፍኖ የዓይንን ውስጠኛ ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣት መጫን ይበቃ ነበር። አስም ላለበት ሰው ግን ይህ መድኃኒት ጨርሶ አይታዘዝም። ትንፋሻቸው አሁንም ካፈናቸው ወይም ካዞራቸው ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፣ የጠብታውንም ጠርሙስ ይያዙ። ከዚያ የዓይን ሐኪሙን ዛሬውኑ ያነጋግሩ፤ የዓይን ግፊቱ ያለ ሕክምና መቆየት ስለሌለበት ቤታ ብሎከር ያልሆነ ሌላ ጠብታ፣ ለምሳሌ ላታኖፕሮስት፣ ይተኩላቸዋል።